«ይህ ጽሑፍ በእርግጥ አለ ወይ?»፦ ከላይብረሪ ዴስክ ያየሁትን ላካፍላችሁ

የምሠራው የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ተማሪዎችና መምህራን ለጥናታቸው የሚያስፈልጋቸውን ጽሑፍ እንዲያገኙ አግዛለሁ። ሥራ ስጀምር ወደ ዴስኬ የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ይህ መጽሐፍ የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው?» ዛሬ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ጥቂት ነው። መፈለጊያው ኪሱ ውስጥ አለ። ሁለት ቃል ሲጽፍ በሺህ የሚቆጠር ውጤት ይዘረገፍለታል። አሁን የሚመጣብኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ይህ ጽሑፍ እውነተኛ ነው? ብጠቅሰው ችግር አለው?»

ድሮ ከባዱ ሥራ ማግኘት ነበር። እሱ ቀሏል። አሁን የከበደው ያገኙትን ማጣራት ነው። ብዙ ተማሪ ግን አሁንም ጊዜውን ሁሉ ፍለጋ ላይ ይጨርስና ለማጣራት ምንም አይተርፈውም። ስለዚህ ዴስኬ ላይ ሰዎችን ሲጠቅም ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በቅርቡ አንዲት የማስተርስ ተማሪ መጣች። «ይቅርታ፣ ላስቸግርዎ» ብላ ላፕቶፗን ከፈተችና አንድ የሪፈረንስ ዝርዝር አሳየችኝ። «እነዚህን ሁሉ ጎግል ላይ ፈለግኳቸው፤ አንዱንም ላገኝ አልቻልኩም። ላይብረሪው የሚከፍልበት ዳታቤዝ ውስጥ ይኖሩ ይሆን?» ዝርዝሩ ሲያዩት ያምራል። የደራሲ ስም፣ ዓመት፣ የጆርናል ስም፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ሁሉም በቦታው አለ። አንዳንዶቹ መጨረሻ ላይ ዲኦአይ አላቸው። «እስኪ ከላይ እንጀምር» አልኳት።

ዲኦአይ ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ ነው። ሁሌም በ10 ይጀምራል፤ ከዚያ ነጥብ፣ ያስመዘገበው አካል ቁጥር፣ እዝባር፣ በመጨረሻም የጽሑፉ የራሱ መለያ ይመጣል። ዲኦአይ ዶት ኦርግ ላይ ሲለጥፉት በቀጥታ ወደ ጽሑፉ ገጽ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ለጠፍነው፤ አልተገኘም አለን። ሁለተኛው ተከፈተ። የተከፈተው ግን ከእሷ ርዕስ ጋር የማይተዋወቅ የኬሚስትሪ ጥናት ነው። ሦስተኛው ዲኦአይ ስላልነበረው ወደ ጆርናሉ ድረ ገጽ ገባን። ጆርናሉ አለ፤ ቅጹ አለ፤ ገጹም አለ። እዚያ ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን የሌላ ሰው፣ በሌላ ርዕስ ነው። ደራሲ ተብሎ የተጠቀሰውን ሰው ስንፈልግ እሱም በእውን ያለ ተመራማሪ ሆነ። የሚሠራው በዚያው ዘርፍ ነው። እንዲህ የሚል ጽሑፍ ግን የጽሑፎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ዝርዝሩን የሰጣት ቻትቦት ነበር። ልጅቷ ግን ሰነፍ አይደለችም። ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ፈልጋለች። ስታጣቸው ጥፋቱን ወደ ራሷ አዞረችው፤ «እኔ መፈለግ ስለማልችልበት ነው» ብላ። ከነገሩ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። ሰው የሌለ ነገር ፈልጎ ስላጣ በራሱ ላይ እምነት ማጣት የለበትም።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን መረዳት ይጠቅማል። የቋንቋ ሞዴሎች የሚጽፉት ከሠለጠኑበት ጽሑፍ ተነስተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው። ሪፈረንስ ደግሞ ቅርጹ ሁሌም ያው ነው፦ ስም፣ ዓመት፣ ርዕስ፣ ጆርናል፣ ቁጥር። ያንን ቅርጽ አሳምሮ መሙላት አይከብዳቸውም። የሞሉት ነገር በእውን ይኑር አይኑር ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አሁን አሁን ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ከነሊንኩ የሚመልሱ አሉ፤ እነሱ ይሻላሉ። ቢሆንም ሊንኩን ከፍቶ ማንበብ ግድ ነው። ጽሑፉ እውነተኛ ሆኖ፣ ይላል የተባለውን ነገር የማይልበት ጊዜ አለና።

ይህ የተማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ በእውን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቅርበዋል። ዳኛውም 5,000 ዶላር ቀጥተዋቸዋል። ሰነድ ማገላበጥ እንጀራው የሆነ ባለሙያም ይሸወዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ለሚመጣው ሁሉ የምነግረው ይህን ነው። ርዕሱን ሙሉውን በትምህርተ ጥቅስ አስገብታችሁ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ የሆነው ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉት። ከጠፋ ወደ ክሮስሬፍ ሂዱ። ክሮስሬፍ አሳታሚዎች የዲኦአይ መረጃቸውን የሚያስመዘግቡበት ድርጅት ነው፤ የፍለጋ ገጹ ለማንም ክፍት ነው። እዚያም ካጣችሁት የጆርናሉን ድረ ገጽ ክፈቱና በዓመቱና በቅጹ ግቡ። ጆርናሉ ራሱ ቅጹ ውስጥ ያ ጽሑፍ የለም ካለ፣ ነገሩ አለቀ፤ ሪፈረንሱ ይውጣ። ዲኦአይ ስለሌለው ብቻ ግን አትሰርዙ። አሠራሩ የተጀመረው በ2000 አካባቢ ነው። ብዙ የቆዩ ጽሑፎች፣ መጻሕፍት፣ የመመረቂያ ጥናቶች፣ አቅም የሌላቸው ትንንሽ ጆርናሎችም ዲኦአይ ላይኖራቸው ይችላል። እንደዚህ ያለው ሲያጋጥማችሁ ላይብረሪያን ጠይቁ፤ ለዚህ ነው የተቀመጥነው።

ከዲኦአይ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ተራ ሊንክ ይሞታል። ድርጅቱ ድረ ገጹን ያድሳል፣ ፋይሉን ያዛውራል፣ ወይም ጭራሽ ይዘጋል። ዲኦአይ ያለው ጽሑፍ ግን አድራሻው ሲቀየር አሳታሚው መዝገቡን ያስተካክላል፤ መለያው እንደነበረ ይቆያል። ስለዚህ ምርጫ ካላችሁ ዲኦአዩን ጥቀሱ። ዲኦአይ የሌለው ሪፖርት ወይም ድረ ገጽ ከሆነ ዌይባክ ማሽንን ተጠቀሙ። ይህ በ1996 የተቋቋመው የኢንተርኔት አርካይቭ፣ የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥበት አገልግሎት ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው። የገጹን አድራሻ ሰጥታችሁ «አስቀምጥልኝ» ስትሉት ቅጂውን ከነቀኑ ይይዝላችኋል። እኔ ይህን የማደርገው ገጹን በምጠቅስበት ደቂቃ ነው። ነገ አደርገዋለሁ ከተባለ አይደረግም።

አንድ የዶክትሬት ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን በገምጋሚዎች ፊት ለሚከላከልበት ቀን ጥቂት ሲቀረው ሮጦ መጣ። የውጭ ገምጋሚው ከሪፈረንሶቹ አንዱን ቢከፍቱት ገጹ የለም። አንድ ሙሉ ምዕራፍ በዚያ ሪፖርት ላይ ነው የቆመው። አድራሻውን ዌይባክ ማሽን ላይ ስናስገባው፣ ደግነቱ ገጹ ከመጥፋቱ በፊት የተቀመጠ ቅጂ ተገኘ። ልጁ ዳነ። ማንም ባያስቀምጠው ኖሮ ግን ምን ይውጠው እንደነበር እንጃ።

አሁን ወደ ሌላው ራስ ምታት ልለፍ። ጽሑፉን ታገኙታላችሁ፤ እውነተኛ ነው፤ ልትከፍቱት ስትሉ «ይክፈሉ» የሚል ገጽ ይመጣል። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ይተወዋል፤ ወይም አጠቃሎውን (አብስትራክቱን) ብቻ አንብቦ ሙሉውን እንዳነበበ ሰው ይጠቅሳል። ሁለቱም ያስቆጫል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ አለ።

መጀመሪያ ላይብረሪያችሁ ለዚያ ጆርናል ከፍሎ እንደሆነ እዩ። ከግቢ ውጭ ስትሆኑ በተቋሙ አካውንት መግባት እንደሚቻል ሳያውቁ የሚመረቁ አሉ። ቀጥሎ ጎግል ስኮላር ላይ ከብዙዎቹ ውጤቶች ሥር ሌሎች ቅጂዎችን የሚያሳይ ሊንክ አለ፤ እሱን ተጫኑት። ደራሲው የሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ የጽሑፉን የመጨረሻ ረቂቅ በራሱ መዝገብ ላይ በነጻ አስቀምጦት ይሆናል። አንፔይዎል የሚባል አነስተኛ የብሮውዘር ተጨማሪ ፕሮግራም ደግሞ አለ። አንድ ጊዜ ትጭኑታላችሁ፤ ከዚያ የተዘጋ ጽሑፍ ላይ ስትደርሱ በሕጋዊ መንገድ የተቀመጠ ነጻ ቅጂ ካለ ምልክቱ አረንጓዴ ይሆናል። በፊዚክስ፣ በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ ላሉ ደግሞ አርካይቭ (arXiv) አለላቸው። ኢንተርኔት አርካይቭ ከሚባለው ጋር አታምታቱት። ይህኛውን የጀመረው በ1991 ፖል ጊንስፓርግ የተባለ የፊዚክስ ተመራማሪ ነው፤ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን ከመታተሙ በፊት ለማንም እንዲነበብ የሚያስቀምጡበት ነው። እዚያ ያለው ሁሉ ገና በአቻ ምሁራን የተገመገመ እንዳልሆነ ብቻ አትርሱ። በኋላ ጆርናል ላይ ከታተመ የታተመውን ጥቀሱ።

ተቋማችሁ ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ገቢ ባለው አገር ውስጥ ከሆነ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» ውስጥ ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። በ2002 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ሂናሪ በሚባለው የጤና ክፍል ተጀመረ። ኋላ ግብርና፣ አካባቢ ጥበቃና ሌሎችም ዘርፎች ተጨመሩበት። የተመዘገበ ተቋም ብዙ ጆርናሎችን በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያገኛል። ፓስወርዱ ላይብረሪው ጋ ተቀምጦ የሚጠይቀው ሰው ሲጠፋ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ለደራሲው ጻፉ። ይህንን ስል ተማሪዎች ይደነግጣሉ፤ «እኔን ማን ብለው ይመልሱልኛል?» ይላሉ። ደራሲው ከጽሑፉ ሽያጭ አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም አያገኝም። የሚያስደስተው መነበቡ ነው። ስለዚህ ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ የጽሑፉን ሙሉ ርዕስ ጻፉ፤ ለምን እንደፈለጋችሁት አስረዱና ቅጂ ጠይቁ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ጽሑፉን ከመላክ አልፈው «ይህንንም እዪው» ብለው ያልታተመ መረጃ ጨምረው የላኩላት ተማሪ አለች። ጥናቷ በዚያ ኢሜይል ነው መልክ የያዘው።

መምህራን ዘንድ ስሄድ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። እነሱን የሚፈትናቸው ማሳተም ነው። ለዕድገት ፐብሊኬሽን ይጠየቃሉ፤ በዚያው ሰሞን ኢሜይል ይመጣላቸዋል። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ይጀምራል፣ ያለፈውን ሥራቸውን ያሞግሳል፣ ጽሑፍ ቢልኩ በቀናት ውስጥ እንደሚወጣ ይነግራቸዋል። እውነተኛ ግምገማ በቀናት አያልቅም። ገምጋሚ መፈለግ ብቻውን ሳምንታት ይወስዳል። እንደነዚህ ያሉት ጆርናሎች ገንዘቡን ተቀብለው ሳያነቡ ያወጣሉ። የሰውየው የዓመታት ድካም እዚያ ይቀበራል፤ ምክንያቱም ሌላ ጆርናል አንድ ጊዜ የወጣን ጽሑፍ አይቀበልም።

ማስከፈል በራሱ ግን የማጭበርበር ምልክት አይደለም። አንባቢን የማያስከፍሉ ብዙ ጥሩ ጆርናሎች ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከደራሲው ወይም ከድርጅቱ በሚቀበሉት ክፍያ ነው፤ ማንንም የማያስከፍሉም አሉ። አይኤስኤስኤን ቁጥር መኖሩም የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ቁጥሩ ለመለያ ነው የሚሰጠው። የምታዩት ሌላ ነገር ነው። ጆርናሉ ዶጅ (DOAJ) በሚባለው የክፍት ጆርናሎች መዝገብ ውስጥ አለ? ይህ መዝገብ በ2003 ስዊድን ውስጥ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው፤ የሚገባውን መርምሮ ነው የሚያስገባው። በኤዲተርነት የተዘረዘሩት ሰዎች በራሳቸው ገጽ ላይ ይህንን ጆርናል ይጠቅሱታል? አንዱን መርጣችሁ ጻፉላቸውና ጠይቁ። ስማቸው ሳያውቁት የተለጠፈ ምሁር ብዙ ነው። ቀድሞ የወጡ ሁለት ሦስት ጽሑፎችንም አውርዳችሁ አንብቡ። በዘርፋችሁ ያለ ሰው አንብቦ ያለፋቸው ይመስላሉ? ይህ ጥያቄ ከየትኛውም የኢንዴክስ ቁጥር በላይ ይነግራችኋል።

ሌላም አለ፤ የታወቀ ጆርናል ስም ተሰርቆ አምሳያ ድረ ገጽ ይከፈታል። አርማው ያው፣ ስሙ ያው፤ ክፍያው ግን ሌላ ቦታ ይገባል። ስለዚህ በኢሜይል በመጣ ሊንክ ጆርናል ውስጥ አትግቡ። ከላይብረሪው ዳታቤዝ ወይም በዚያ ጆርናል ከታተመ አንድ የታወቀ ጽሑፍ ዲኦአይ ተነስታችሁ ግቡ።

አንድ አስተማማኝ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍም በኋላ ሊሻር እንደሚችል ብዙ ሰው አያስብም። በ1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣው፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው ጽሑፍ በጆርናሉ የተሻረው በ2010 ነው። እስከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠቀስ ኖሯል። ዛሬ ሪትራክሽን ዋች የሚባለው ቡድን የተሻሩ ጽሑፎችን መዝግቦ ይይዛል፤ ከ2023 ጀምሮ መዝገቡ በክሮስሬፍ በኩል ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ሪፈረንስ የሚያደራጀውን ዞቴሮ የሚባል ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ያስቀመጣችሁት ጽሑፍ ከተሻረ ፕሮግራሙ ራሱ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያሳያችኋል።

ስለ ዞቴሮ ካነሳሁ አይቀር፣ ሪፈረንስ በእጅ መጻፍ ይብቃ። ነጻ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ አለ። ጽሑፉን በአንድ ጠቅታ ያስቀምጣል፣ ዎርድ ላይ ጥቅሱን ያስገባል፣ የአጻጻፍ ስልቱን ሲቀይሩ ሁሉንም አብሮ ይቀይራል። የሚያመጣውን መረጃ ግን አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ቃኙት። ዓመት የጎደለበት፣ የደራሲ ስም የተገለበጠበት ይኖራል።

ስካን የተደረጉ መጻሕፍትና መዛግብት ላይ የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ስካን የሆነ ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ፎቶ ነው። በውስጡ ቃል ፈልጋችሁ «የለም» ቢላችሁ ቃሉ የለም ማለት አይደለም። በመጀመሪያ አንድ ቃል በማውዝ ለማጥቆር ሞክሩ። ካልተመረጠ ፋይሉ ፎቶ ብቻ ነው፤ ፊደል በሚለይ ፕሮግራም ማለፍ አለበት። ከተመረጠም ፕሮግራሙ ፊደል ሊሳሳት ይችላል፤ በተለይ በአሮጌና በደበዘዘ ኅትመት ላይ። በአማርኛ ስትፈልጉ ደግሞ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም» ለብዙ የፍለጋ ፕሮግራሞች የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ። «በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ነገር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ማድረግ ግዴታ ነው እላለሁ።

ስለ ንባብ ትንሽ ልቆይ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ዳውንሎድ ማድረግ ያነበቡ ያህል ያጽናናል። የተማሪዎችን ላፕቶፕ ስከፍት ያልተነበቡ ፒዲኤፎች ተቆልለው አያለሁ፤ ስማቸው ቁጥርና ሰረዝ ብቻ፣ የትኛው ምን እንደሆነ ባለቤቱም አያውቅም። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። አንድ ፋይል ካወረዳችሁ ወዲያው ስሙን በደራሲውና በዓመቱ ቀይሩት። ሥሩ ሁለት መስመር ማስታወሻ ጻፉ፦ ምን ይላል፣ እኔ ለምን ፈለግኩት። ማስታወሻውን በራሳችሁ ቃል ጻፉት እንጂ ከአጠቃሎው አትገልብጡ። በራሳችሁ ቃል መጻፍ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም፤ ያንን ማወቁም ራሱ ትርፍ ነው። ጽሑፉን በቻትቦት አሳጥሮ ማንበብም እየተለመደ ነው። የትኛውን ቀድሜ ላንብብ የሚለውን ለመወሰን ይጠቅም ይሆናል። የምትጠቅሱትን ጽሑፍ ግን፣ በተለይ የጥናት ዘዴውን ክፍል፣ ራሳችሁ ካላነበባችሁት አትጥቀሱት።

ዋና ዋናዎቹን ደግሞ ከቻላችሁ በወረቀት አንብቡ። ይህን የምለው ወረቀት ስለምወድ ብቻ አይደለም። በ2018 የታተመ፣ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ሰዎች መረጃ ሰጪ ጽሑፍን በወረቀት ሲያነቡ ከስክሪን የተሻለ እንደሚረዱት፣ በተለይ ጊዜ ሲያጥራቸው ልዩነቱ እንደሚሰፋ አሳይቷል። የጥናታችሁ ምሰሶ የሆኑትን አምስት ስድስት ጽሑፎች ማተም የሚያስወጣው ወጪ ብዙ አይደለም።

መደርደሪያውን ስንተው ያጣነው አንድ ነገር አለ። አንድ መጽሐፍ ልታወጡ ስትሄዱ ጎኑ ያለው ዓይናችሁን ይስበው ነበር፤ በርዕሰ ጉዳይ ስለሚደረደሩ ጎረቤቶቹ ዘመዶቹ ናቸው። ዲጂታል ፍለጋ ይህን እምብዛም አያደርግም፤ በአብዛኛው የጻፋችሁትን ቃል ነው የሚያመጣው። ለዚህ የማገኘው ምትክ ጎግል ስኮላር ላይ ያለው «የጠቀሱት» የሚለው ሊንክ ነው። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ያዙ። ከኋላው ያሉ ሪፈረንሶቹን ተመልከቱ፤ ያ ወደ ኋላ ይወስዳችኋል። ከዚያ እሱን የጠቀሱትን ክፈቱ፤ ያ ደግሞ ወደ ፊት ያመጣችኋል። በሁለቱም አቅጣጫ ያው ስም ደጋግሞ ከመጣ የዘርፉን ዋና ሰው አገኛችሁ ማለት ነው።

መምህራን ሆይ፣ ጽሑፍን ሰው ይጻፈው ማሽን እንለያለን ስለሚሉት የኤአይ መለያ ፕሮግራሞች አንድ ልመና አለኝ። ፕሮግራሙ በሰጠው መቶኛ ብቻ ተማሪ አትቅጡ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ በጥር 2023 ያወጣውን መለያ በዚያው ዓመት ሐምሌ አካባቢ አንስቶታል፤ ምክንያቱ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት ደግሞ ሰባት መለያዎችን ሞክሮ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላዩን «የማሽን ነው» ብለው እንደፈረጇቸው አሳይቷል። በሁለተኛ ቋንቋው የሚጽፍ ሰው ቃላቱ የተለመዱ፣ አረፍተ ነገሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚጠረጥረውም ይህንኑ ነው። ያልሠራውን ጥፋት ተከሶ ዴስኬ ላይ ያለቀሰ ልጅ አለ። ያዳነው ጎግል ዶክስ ላይ ስለጻፈው የቀየረው ሁሉ ከነሰዓቱ ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። ተማሪዎችም እንግዲህ ረቂቃችሁን አትሰርዙ፤ የለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም ላይ ጻፉ። መምህሩ ከተጠራጠረ ደግሞ ልጁን ጠርቶ ስለ ሥራው ማውራት ይበቃል። አሥር ደቂቃ ውይይት ከመለያው ይበልጥ ይናገራል።

ዲጂታል የሆነ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። በጥቅምት 2023 የብሪታኒያ ብሔራዊ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመታ። ዋናው ካታሎግ ተመልሶ ለፍለጋ የተከፈተው በጥር 2024 ነው። በዓለም ካሉት ትላልቅ ላይብረሪዎች አንዱ እንዲህ ከሆነ የእናንተ ላፕቶፕማ አይነገርም። የባለሙያዎቹ ምክር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ላፕቶፕ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ክላውድ ቢኖራችሁ ይበቃል። ፍላሽ ብቻውን አይቆጠርም።

በመጨረሻ ወደ ላይብረሪያን ስትመጡ እንዲህ አድርጋችሁ ኑ። የጥናታችሁን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። እስካሁን የፈለጋችሁባቸውን ቃላትና ቦታዎች መዝግባችሁ ያዙ። የጠፋባችሁን ሪፈረንስ ከየት እንዳገኛችሁት ሳትደብቁ ንገሩን፤ ከጓደኛ ይሁን፣ ከመጽሐፍ ይሁን፣ ከቻትቦት ይሁን፣ ማንም አይቆጣችሁም። ምንጩን ካወቅን ከየት መጀመር እንዳለብን እናውቃለን። መከላከያ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ሳይሆን ፕሮፖዛሉን ስትጽፉ ኑ።